ስኮፓችሁን አትጣሉት፦ ስለ ዋስትና ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ እዚህ አሜሪካ በምንኖር አዳኞች መካከል ሲዘዋወር ከርሟል። ጉዳዩ የአደን ጠመንጃ ስኮፕ፣ ማለትም ጠመንጃው ላይ የሚታሰረው የማነጣጠሪያ መነጽር፣ ዋስትና ነው። ፍሬ ነገሩ ይህን ይመስላል። «የዕድሜ ልክ ዋስትና» የሚባለው የማስታወቂያ ወሬ ነው፤ የማን ዕድሜ እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። ደረሰኙን የጣለ ወይም ያገለገለ ስኮፕ የገዛ ሰው ምንም አያገኝም። ስኮፕ የመሣሪያ አካል ስለሆነ በጠመንጃ ነጋዴ በኩል ካልሆነ በፖስታ አይላክም፤ ስደተኛ ደግሞ ባይሞክረው ይሻለዋል። ቢላክም እስኪመለስ የአደኑ ወቅት ያልፋል። ፋብሪካው «ችግር አላገኘንበትም» ብሎ የሚመልሰው ላለመሥራት ነው። ስለዚህ ርካሹን መግዛት፣ ሲበላሽ መጣል፣ ከዚያ ሌላ መግዛት ይሻላል ይላሉ ጸሐፊው። የተረፈውንም ስኮፕ አገር ቤት ላለ ዘመድ ይዞ መሄድ እንደሚቻል ጠቆም ያደርጋሉ።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉ አልጠራጠርም። የተናደደ ሰው ጽሑፍ ነው፤ ንዴቱም መነሻ አለው። ግን ካሉት ውስጥ ጥቂቱ ግማሽ እውነት ነው። አንዱ ፈጽሞ ስህተት ነው። አንዱ ደግሞ ሰው ሊያስከስስ ይችላል።

እኔ የምኖረው ኮሎራዶ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ነው። አብረውኝ አደን የሚወጡት ወንድሞች አብዛኞቹ ቀን ከሌት የሚሠሩ ናቸው። ኡበር የሚነዳ አለ፣ መጋዘን የሚያድር አለ። ለአንድ ስኮፕ አራት መቶ፣ አምስት መቶ ዶላር ሲያወጡ ቆጥበው ነው። ያ ዋጋ ውስጥ ዋስትናውም አለበት። ለእንደዚህ ያለ ሰው «ጣለውና ሌላ ግዛ» ማለት የከፈለበትን መብት በገዛ እጁ እንዲተው መምከር ነው። ለዚህ ነው ዝም ማለት ያልቻልኩት።

«የማን ዕድሜ?» ከሚለው ልጀምር። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። እንዲያውም ከጽሑፉ ውስጥ ምርጡ ጥያቄ እሱ ነው። ችግሩ ጸሐፊው ጠይቀው መልሱን ሳይፈልጉ መሄዳቸው ነው።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ የዋስትና ሕግ አለ። ማግኑሰን-ሞስ ይባላል። ዕቃ ሲሸጥ የጽሑፍ ዋስትና የሚሰጥ ኩባንያ ዋስትናው «ሙሉ» ይሁን «ውስን» በግልጽ እንዲጽፍ ያስገድዳል። «ሙሉ» ካለ ትርጉም አለው። በዋስትናው ዘመን ዕቃውን በነጻ ይጠግናል። መብቱ ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው ማለት አይችልም። በተደጋጋሚ ሞክሮ መጠገን ካቃተው ይቀይራል ወይም ገንዘብ ይመልሳል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደግሞ ከ15 ዶላር በላይ ለሆነ ዕቃ ገዢው የዋስትናውን ቃል ከመግዛቱ በፊት ማየት እንዲችል ደንግጓል። በማስታወቂያ ላይ «የዕድሜ ልክ» የሚል ሰውም የምን ዕድሜ ማለቱ እንደሆነ በግልጽ መናገር እንዳለበት የኮሚሽኑ መመሪያ ይላል። ስለዚህ «አይታወቅም» የሚባል ነገር የለም። ተጽፏል። ሄዶ ማንበብ ነው።

የተጻፈውን ደግሞ እንየው። ስኮፕ ሠሪው ሉፖልድ ዋናው መሥሪያ ቤቱ ቢቨርተን፣ ኦሪገን ነው። ዋስትናውን «ሙሉ የዕድሜ ልክ» ብሎ ነው የሰየመው። ደረሰኝ አይጠይቅም፣ የዋስትና ካርድ አይጠይቅም፣ የመጀመሪያው ገዢ ነህ ወይ አይልም። ቮርቴክስ ባርነቬልድ፣ ዊስኮንሲን ይገኛል። እሱም ያለ ደረሰኝ፣ ከባለቤት ወደ ባለቤት የሚተላለፍ ዋስትና ይሰጣል። የማይሸፍነውንም ዘርዝሮ ጽፏል፤ የጠፋ፣ የተሰረቀ፣ ሆን ተብሎ የተሰበረ፣ እንዲሁም ሥራውን የማያደናቅፍ የላይ ጭረት። ቡሪስ ከኛ ትንሽ ራቅ ብሎ ግሪሊ፣ ኮሎራዶ ነው። የሱም ዋስትና ለሚቀጥለው ባለቤት በቀጥታ ይተላለፋል። መብራት ያለው ስኮፕ የገዛችሁ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ለኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ብዙ ጊዜ የተለየና አጠር ያለ ዘመን ይሰጣል። ያንን መስመር ሳታነቡ አትግዙ።

አሁን ደግሞ ለጸሐፊው የምሰጣቸውን ልስጥ። የዕድሜ ልክ ዋስትና ኩባንያው በሕይወት እስካለ ድረስ ነው። ይህን ለመረዳት ዴንቨር ከተማ መቀመጥ ይጠቅማል። ሬድፊልድ የሚባለው ስኮፕ ሠሪ የተመሠረተው እዚሁ ዴንቨር እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። በአንድ ወቅት የአሜሪካ አዳኝ ሁሉ የሚያውቀው ስም ነበር። በ1998 ፋብሪካው ተዘጋ። በ2008 ስሙን ሉፖልድ ገዛው፤ በዚያ ስምም አዳዲስ ስኮፖች አወጣ። ዴንቨር ውስጥ የተሠሩትን የድሮዎቹን ግን በዋስትና አይቀበልም። ስሙን እንጂ ዕዳውን አልገዛም። የዊቨር ታሪክም ተመሳሳይ ነው። በ1930 ተጀምሮ፣ ኋላ ኤል ፓሶ፣ ቴክሳስ ገብቶ፣ ርካሽና ጠንካራ ስኮፕ ለተራው ሰው ያዳረሰ ኩባንያ ነበር። የኤል ፓሶው ፋብሪካ በ1984 ተዘጋ። ስሙ ከዚያ በኋላም ሌሎች ዕቃዎች ላይ ሲለጠፍ ኖሯል። የድሮ ዊቨር የያዘ ሰው ግን ዛሬ የሚሄደው ወደ ፋብሪካ ሳይሆን ከኪሱ ከፍሎ ወደሚያሠራበት የግል ጠጋኝ ነው።

እንግዲህ ያገለገለ ጠመንጃ ስትገዙ ላዩ ላይ «ሬድፊልድ፣ ዴንቨር» የሚል ስኮፕ ካገኛችሁ ዋስትና እንደሌለው ቆጥራችሁ ዋጋ ተደራደሩ። ስኮፑ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ሲበላሽ የሚጠራ ሰው ግን የለም።

መሐል ላይ ያለም አለ። ኒኮን የጠመንጃ ስኮፕ መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ኩባንያው ራሱ ግን አለ፤ ካሜራውንና ባይኖኩላሩን እየሸጠ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስኮፕ ተበላሽቶ መለዋወጫው ከጠፋ ያንኑ ሞዴል ማግኘት አይጠበቅም። ሥራ ላይ ያሉ ኩባንያዎችም ሞዴሉ ሲቀር የሚሰጡት የሚቀርበውን አዲስ ሞዴል ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ለገዢው ይጠቅማል። ብቻ የተተካው ስኮፕ ርዝመቱና የቱቦው ውፍረት ሊለይ ስለሚችል የድሮው ቀለበት ላይገጥም ይችላል። ባለ 1 ኢንች ቀለበት 30 ሚሊሜትር ቱቦ አይይዝም።

ስለዚህ ከጸሐፊው የምለየው እዚህ ላይ ነው። እሳቸው «ኩባንያ ይሞታል፣ ስለዚህ ዋስትና ውሸት ነው» ይላሉ። እኔ «ኩባንያ ይሞታል፣ ስለዚህ ኩባንያውን መርጠህ ግዛ» እላለሁ። ሉፖልድ ከ1907 ጀምሮ አለ። የተነሳው የመሬት ቅየሳ መሣሪያ በመጠገን ነበር፤ የመጀመሪያውን ስኮፕ ያወጣው በ1947 ነው። ኩባንያው ራሱ እንደሚተርከው ወደ ስኮፕ የገባው ከቤተሰቡ አንዱ አደን ላይ ስኮፑ ውስጡ ጉም ለብሶ አጋዘን ስላመለጠው ነው። ትናንት ተከፍቶ በኢንተርኔት ብቻ የሚሸጥ፣ ስልክ ቢደወል የማይነሳ ስም ደግሞ «የዕድሜ ልክ» ብሎ ቢጽፍ ቃሉ የሚመዘነው በዚያው ልክ ነው።

ስለ ደረሰኝና ስለ ያገለገለ ዕቃ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ከላይ ያልኩት ይበቃል። የማስጠነቅቀው አንድ ነገር አለ። በገበያው ላይ አስመስሎ የተሠራ አለ። በተለይ የሉፖልድ ውድ ሞዴሎች ተቀድተው ሲሸጡ ኩባንያው ደጋግሞ አስጠንቅቋል። የተጭበረበረ ዕቃ ዋስትና የለውም። ያገለገለ ስትገዙ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ሴሪያል ቁጥሩን አንብባችሁ ለኩባንያው ደውሉ። ሻጩ ቁጥሩን ለማሳየት ካመነታ ተዉት።

አሁን ያናደደኝ ነጥብ ጋ ደረስኩ። ጸሐፊው ስኮፕ በፖስታ አይላክም፣ የጠመንጃ ነጋዴ ያስፈልጋል፣ ስደተኛ ባይነካካው ይሻላል ብለዋል። ይህ ስህተት ነው። ስኮፕ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ጠመንጃ አይደለም። መስታወትና አልሙኒየም ነው። አገር ውስጥ በፖስታ ቤትም፣ በዩፒኤስም፣ በፌዴክስም እንደማንኛውም ዕቃ ይላካል። የነጋዴ ፈቃድ አያስፈልግም። የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቃችሁም የለም። የጠመንጃ ባለቤትነት ሕግ ለግሪን ካርድ ባለቤትና ለጊዜያዊ ቪዛ ባለቤት ይለያያል፤ ያ ግን የጠመንጃው ጉዳይ ነው፣ የስኮፑ አይደለም። ስኮፑን ከጠመንጃው ፈታችሁ ለብቻው ላኩት። ጠመንጃውን አብራችሁ አትላኩ። በቃ።

ይህ ስህተት ለምን እንዳሳሰበኝ ላስረዳ። እኛ ሰዎች ይሉኝታችን ብዙ ነው። ዕቃ መመለስ ያሳፍረናል። «ራሴ አበላሽቼው ቢሆንስ፣ በእንግሊዝኛዬ ምን ብዬ ላስረዳ፣ ስሜን ቢመዘግቡስ» እያልን ሳጥን ውስጥ እንቆልፍበታለን። በዚህ ላይ «ሕግ ይከለክላል» የሚል ጽሑፍ ሲጨመርበት ነገሩ አለቀ። አንድ የማውቀው ልጅ ውስጡ ጉም የለበሰ ስኮፕ አልጋ ሥር አስቀምጦ አዲስ ሊገዛ ሲል ደረስኩበት። የያዘው ስኮፕ ሙሉ ዋስትና ነበረው። በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ያለውን ቅጽ አብረን ሞላን። ስም፣ አድራሻ፣ ሴሪያል ቁጥር፣ ችግሩ ምንድን ነው። ሌላ የተጠየቀ ነገር የለም። እንግሊዝኛው ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ነበር። አዲስ ስኮፕ በካርቶን መጣለት። እንዲህ ያለውን ሰው ነው ጽሑፉ የሚያስፈራራው።

ወቅቱ ያልፋል ለሚለው፣ በኦክቶበር ከላካችሁ አዎ፣ ያልፋል። እዚህ ኮሎራዶ የኤልክ (ትልቁ የአጋዘን ዘር) እና የአጋዘን የጠመንጃ ወቅት ከኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ ኖቬምበር ውስጥ ያልቃል። ዊስኮንሲን ደግሞ ዘጠኝ ቀን የሚቆየው ዋናው የጠመንጃ ወቅት የሚከፈተው ከታንክስጊቪንግ በፊት ባለው ቅዳሜ ነው። አገር ምድሩ ጠመንጃውን ከመደርደሪያ የሚያወርደው በዚያው ሰሞን ነው። ስኮፑ መበላሸቱንም የሚያውቀው በዚያው ሰሞን ነው። ሁሉም አንድ ላይ ሲልክ የጥገና ክፍሉ ይጨናነቃል፤ ጥፋቱን ሁሉ ኩባንያው ላይ መጣል አይገባም።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ወቅቱ እንዳለቀ፣ ሥጋው ተከፋፍሎ የገና ጾም ሲገባ፣ ጠመንጃውን አጽድታችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት ስኮፑን አንድ ጊዜ ፈትሹት። የተጠራጠራችሁት ነገር ካለ በጃንዋሪ ላኩት። በክረምት የሚላክ ስኮፕ እስከ ጸደይ ድረስ ጊዜ አለው። በኦክቶበር የተበላሸ እንደሆነ ደግሞ ለዚያ ወቅት ከጓደኛ መዋስ ነው፤ የራስን ግን መላክ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጸሐፊው ስኮፓቸውን ልከው ኩባንያው «መርምረነዋል፣ ችግር የለበትም» ብሎ መልሶላቸዋል። ከዚያ ወዲያ የጻፉት ሁሉ ከዚህ ቁስል የመጣ ይመስለኛል። «ጥይቴ ግን አሁንም ይበተናል» ይላሉ። አምናቸዋለሁ። ጥይታቸው ይበተናል። ኩባንያውም እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አብረው እውነት የሚሆኑበት መንገድ አለ።

ስኮፑ ከጠመንጃው ጋር የሚገናኘው በብሎን ነው። ጠመንጃው አናት ላይ መቀመጫው በብሎን ይታሰራል። መቀመጫው ላይ ቀለበቶቹ ይታሰራሉ። ቀለበቶቹ ስኮፑን ይጨብጣሉ። ሰደፉና ብረቱም በብሎን ነው የተያያዙት። .30-06 የሚባለውን የአደን ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ በተተኮሰ ቁጥር ያ ሁሉ ብሎን ይነቀነቃል። ከእነዚህ አንዱ ቢላላ ጥይቱ ይበተናል። ስኮፑ ግን ንጹሕ ነው። ጎማው የጎደለ መኪና መሪው ሲጎትት ሞተሩን ጋራዥ እንደ መላክ ነው። ጋራዡ ሞተሩን አይቶ ደህና ነው ቢል አልዋሸም።

ባለፈው ዓመት ተኩስ ሜዳ ላይ አንድ ወዳጄ ይህ ሲደርስበት አብሬው ነበርኩ። በ100 ያርድ ሦስት ጥይት ይተኩሳል፤ አንዱ መሐል፣ አንዱ አራት ኢንች ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ላይ። ስኮፑን ረገመው። ቀለበቶቹን በእጁ ነቀነቀ፤ ንቅንቅ አይሉም። ስኮፑን ከነቀለበቱ አወረድነው። ሥሩ ያለው የኋለኛው መቀመጫ ብሎን በሁለት ጣት ዞረ። ካቻቢቴ እንኳ አላስፈለገም። ስኮፑ ላዩ ላይ ስለሚቀመጥ ያ ብሎን አይታይም። ሰው የሚያጠብቀው የሚያየውን ነው። የማይታየው ይረሳል። ብሎኑን አጽድተን፣ መያዣ ማጣበቂያ ጠብ አድርገን፣ መልሰን አሰርነው። ጥይቶቹ ተሰበሰቡ።

እንግዲህ ከመላካችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ። ስኮፑን አውርዱና የመቀመጫውን ብሎኖች ፈትሹ። ቀለበቱ ስኮፑን የሚነካበት ጠርዝ ላይ በእርሳስ ወይም በጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር አስምሩ። ከተኩስ በኋላ መስመሩ ከቀለበቱ ከራቀ ስኮፑ ይንሸራተታል ማለት ነው። የሰደፉን ብሎኖች አጥብቁ። ጥይቱን አትቀያይሩ፤ ሁልጊዜ የምትተኩሱት አንድ ዓይነት ይሁን። የቀለበት ብሎን ግን በጉልበት አይጠበቅም። አምራቾች ብዙውን ጊዜ የሚመክሩት ከ15 እስከ 18 ኢንች-ፓውንድ ነው። ለዚህ የጥብቀት መጠን የሚያሳይ ካቻቢቴ አለ፤ ተዋሱት ወይም የጠመንጃ ሱቅ ውስጥ አሳስሩት። ከመጠን በላይ የተጠበቀ ቀለበት ቱቦውን ይጨፈልቃል። ያኔ እውነተኛ ብልሽት ትፈጥራላችሁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጥይቱ ከተበተነ ዋናው ፈተና ይመጣል። በደንብ የምታምኑትን ሌላ ስኮፕ እዚያው ጠመንጃ ላይ አስራችሁ ተኩሱ። ጥይቶቹ ከተሰበሰቡ ጥፋተኛው የወረደው ነው። አሁን በሙሉ ልብ ላኩት።

ስኮፕ በእውነት ሲበላሽ ምን እንደሚሆንም ማወቅ ይጠቅማል። በትልቁ ቱቦ ውስጥ ሌላ ትንሽ ቱቦ አለ። ላዩና ጎኑ ላይ ያሉት ማዞሪያዎች ይህን ትንሽ ቱቦ በአንድ ወገን ይገፉታል። በሌላው ወገን ሞላ ይገፋዋል። ሞላው ከደከመ ጠመንጃው ወደ ኋላ በመታ ቁጥር ትንሹ ቱቦ ቦታውን ይስታል። ምልክቱ የሚታየው ማዞሪያውን ስታዞሩ ነው። ብዙ የአሜሪካ አደን ስኮፕ ላይ አንድ ክሊክ፣ ማለትም ማዞሪያው አንዴ ቀጭ ሲል፣ ጥይቱ የሚያርፍበትን በ100 ያርድ ሩብ ኢንች ያህል ያንቀሳቅሳል። አንድ ጥይት ተኩሱ። ሃያ ክሊክ ወደ ቀኝ አዙሩና፣ የምታነጣጥሩበትን ነጥብ ሳትቀይሩ፣ ተኩሱ። ሃያ ወደ ላይ፣ ሃያ ወደ ግራ፣ ሃያ ወደ ታች። ጎኑ አምስት ኢንች የሆነ አራት ማዕዘን መሥራት አለበት። የመጨረሻውም ጥይት የመጀመሪያው አጠገብ ማረፍ አለበት። ስታዞሩት ዝም ብሎ ከሁለት ጥይት በኋላ የሚዘል ከሆነ፣ ወይም ወደ መነሻው የማይመለስ ከሆነ ሞላው ወይም ማዞሪያው ታሟል።

ጉም ደግሞ በቀላሉ ይለያል። ከሞቀ መኪና ወደ ብርድ ስትወጡ መስታወቱ ቢሸፈን አትደንግጡ። በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። ከጠፋ የውጭ ነው፤ ብልሽት አይደለም። ጠርጋችሁ ያው ከሆነ ከውስጥ ነው። ቱቦው ውስጥ አየር የለም፤ ናይትሮጅን ወይም አርጎን ነው የሚሞላው። ውስጡ ጉም ከያዘ ጎሚኒው ከፍቷል፣ ጋዙም ወጥቷል ማለት ነው። ይህ ቤት ውስጥ አይጠገንም። ፈትታችሁ ፀሐይ ላይ እናድርቀው ብላችሁ እንዳትሞክሩት። ቀጥታ ለፋብሪካ ነው።

የምትልኩበት ካርቶን ውስጥ የሚገባው ወረቀት ከሁሉ ይበልጣል። ጸሐፊው የላኩት «አይሠራም» የሚል ማስታወሻ ብቻ እንደነበር ራሳቸው ጽፈዋል። ጠጋኙ በዚህ ምን ያድርግ? የምን ጠመንጃ ላይ እንደነበር፣ ምን ጥይት እንደምትተኩሱ፣ በስንት ያርድ፣ ወደየት፣ በስንት ኢንች እንደሳተ፣ ብሎኖቹን መፈተሻችሁን፣ ሌላ ስኮፕ ሲታሰር ምን እንደሆነ ጻፉ። የተተኮሰበትን የኢላማ ወረቀት ፎቶ አብራችሁ አያይዙ። ፋብሪካ ውስጥ ስኮፑን የሚመረምረው ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያየው። አንዳንዱ ብልሽት ደግሞ በምት ነው የሚታየው። «አምስተኛው ጥይት ላይ ወደ ግራ ይዘላል» ብላችሁ ከጻፋችሁለት የት እንደሚፈልግ ያውቃል።

ቀለበቱንና መሸፈኛውን አውጥታችሁ እቤት አስቀምጡ፤ ስኮፑ ሲቀየር አብረው ላይመለሱ ይችላሉ። ሴሪያል ቁጥሩን ፎቶ አንሱ። መከታተያ ቁጥርና ኢንሹራንስ ያለው መላኪያ ይሁን። መልሶ «ችግር የለበትም» ከተባለና እናንተ በሌላ ስኮፕ አረጋግጣችሁ ከሆነ በድጋሚ ደውሉ። አትቆጡ፤ ግን አትተዉ። ሁለተኛ ጊዜ ከነማስረጃው ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል።

ርካሽ ገዝቶ መጣል የሚለው ምክር በሂሳብም አይሄድም። ጸሐፊው የ60 ዶላሩን ስኮፕ ከ1,500 ዶላሩ ጋር ነው ያወዳደሩት። በመሐል ያለውን ዘለሉት። የቮርቴክስ ዝቅተኛ ሞዴሎች 200 ዶላር አካባቢ ይገኛሉ፤ ዋስትናቸው ከውድ ወንድሞቻቸው ጋር አንድ ነው። የ60 ዶላሩን በየሁለት ዓመቱ የሚጥል ሰው ብዙም ሳይቆይ እዚያው ይደርሳል። በእጁ ግን አሁንም የ60 ዶላር ስኮፕ ነው ያለው።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ እንስሳው ነው። ዜሮውን፣ ማለትም ጥይቱ የታለመበት ላይ እንዲያርፍ የተስተካከለበትን ቦታ፣ የሳተ ስኮፕ ወረቀት ላይ አራት ኢንች ስህተት ነው። ኤልክ ላይ ሳንባ በመምታትና ሆድ በመምታት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሆዱን የተመታ ኤልክ ወዲያው አይወድቅም። ጫካ ውስጥ ገብቶ ለረጅም ሰዓት ይሠቃያል፤ ብዙ ጊዜም ሳይገኝ ይቀራል። አባቶቻችን አደን ሲወጡ በአንድ ጥይት መጣል ክብር ነበር። እኛም ፈቃድ ከፍለን፣ የአዳኝነት ደህንነት ትምህርት ተምረን የምንወጣው ንጹሕ ተኩስ ለመተኮስ ነው። «ሲበላሽ እንጥለዋለን» የሚል ሰው መበላሸቱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከተኮሰ በኋላ ነው። ዋጋውን የከፈለው ግን እንስሳው ነው።

የቀረችው አገር ቤት መውሰድ የምትለዋ ጥቆማ ናት። ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፏት ነገር ከሁሉ አደገኛዋ ናት። የጠመንጃ ስኮፕ አሜሪካ ውስጥ እንደልብ ይላካል፤ ከአሜሪካ ሲወጣ ግን በንግድ ሚኒስቴር የኤክስፖርት ቁጥጥር ሥር ነው። ወደ ብዙ አገር ለመውሰድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያም አንዷ ናት። ሻንጣ ውስጥ በልብስ ጠቅልሎ መሄድ ስጦታ አይባልም፤ በሕግ ያስጠይቃል። በአገራችንም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ቦሌ ላይ ዘመድ ሊቀበል የመጣን ሰው ለምርመራ መዳረግ አይገባም።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ሁለት ማስተካከያ ነው። በፖስታ አይላክም ያሉትን ያርሙ፣ አገር ቤት ይወሰድ ያሉትን ያውጡ። በሌላው ብንከራከር ችግር የለውም። ያንን የተመለሰ ስኮፕ ገና ካልጣሉት ደግሞ መቀመጫውን አውርደው የሥሩን ብሎን ይዩት። ብሎኑ ደህና ሆኖ ጥይቱ አሁንም ከተበተነ የኢላማውን ወረቀት ይዘው ይምጡ፤ የሁለተኛውን ደብዳቤ አብረን እንጽፈዋለን።